ርካሽ ደቂቃ ፍለጋና ለእናት የሚላክ ቀፎ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ «ወደ አገር ቤት በርካሽ የሚያስደውል የቱ ነው?» እና «ለእናቴ የትኛውን ቀፎ ልግዛላት?» ለየብቻ ይጠየቁ እንጂ መልሳቸው አንድ ላይ ነው። እናታችሁ በምን እንደሚያነሱ ሳይታወቅ እናንተ በምን እንደምትደውሉ መወሰን አይቻልም።

ከዋጋው እንጀምር። ከቨርጂኒያ ወይም ከለንደን ሆናችሁ በዋትሳፕ፣ በቫይበር፣ በኢሞ ወይም በቴሌግራም ስትደውሉ ድምፁ ከዳር እስከ ዳር በኢንተርኔት ነው የሚሄደው። ዳታ ከመብላት በቀር በደቂቃ የሚቆጥርባችሁ የለም። (ዱባይና አቡ ዳቢ ያላችሁ ግን የዋትሳፕ ጥሪ ዝግ ስለሆነባችሁ እንደ ቦቲም ያሉ ፈቃድ ያላቸውን አፖች ትጠቀማላችሁ፤ የእናንተ ጣጣ ለብቻው ነው።)

ከአፕ ወደ አፕ ከሚደረግ ጥሪ ውጪ ያለው ሁሉ፣ የመደወያ ካርዱም፣ ደቂቃ የሚሸጠው አፕም፣ ራውተር ላይ የሚሰካው የቤት ስልክም፣ ውቅያኖሱን በኢንተርኔት ቢሻገርም መጨረሻ ላይ የኢትዮጵያ ቁጥር መምታት አለበት። ያቺን የመጨረሻ ቁራጭ መንገድ የሚያሻግረው የአገር ቤቱ ኦፕሬተር ነው፤ ለዚያም በደቂቃ ያስከፍላል። ወደ ብዙ አገር ያለ ገደብ የሚያስደውል ጥቅል ኢትዮጵያ ላይ ሲደርስ ቆጣሪ የሚያበራው ለዚህ ነው።

ታዲያ ከሌላው በግማሽ የሚረክሰው ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ መልሱ ሲም ቦክስ ነው። ብዙ ሲም ካርዶች የተሰኩበት ሳጥን አገር ቤት ውስጥ በአንድ ክፍል ይቀመጣል፤ የእናንተን ጥሪ በኢንተርኔት ይቀበልና ከአንዱ ሲም እንደ አገር ውስጥ ጥሪ አድርጎ ይደውላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ከአሜሪካ ደውላችሁ እናታችሁ ስልክ ላይ በ09 የሚጀምር የማያውቁት ቁጥር ይመጣል። መልሰው ቢደውሉ አያገኟችሁም። ድምፁም ሁለት ሦስት ጊዜ ተጨምቆ ስለሚያልፍ ይዘገያል፤ «ሃሎ፣ ትሰሚኛለሽ?» እየተባባላችሁ ደቂቃው ያልቃል። ሥራው ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ወንጀል ነው። ጠዋት የሠራ መስመር ማታ ጭጭ የሚለው ሲሞቹ ተደርሶባቸው ስለሚዘጉ ነው። እኔ እንዲህ ላለው አገልግሎት ገንዘብ አላስቀምጥም።

ካርድ የምትገዙም ፊት ለፊት የተጻፈውን ደቂቃ አትመኑ። በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ፈልጉ፦ ስልኩ በተነሳ ቁጥር የሚቆረጥ ሂሳብ፣ ሳይደወል በየሳምንቱ የሚቀነስ «የአገልግሎት» ክፍያ፣ ደቂቃን ወደ ላይ ማጠጋጋት። ለምሳሌ በሦስት በሦስት ደቂቃ የሚያጠጋጋ ካርድ ላይ ሦስት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ ብታወሩ ስድስት ደቂቃ ይቆረጥባችኋል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ካርድ አከፋፋዮችን ፍርድ ቤት ያቆመው ቃል የተገባውን ደቂቃ አይሰጡም ብሎ ነው። ብዙ ሂሳብ በአንድ ጊዜ መሙላትም ደግ አይደለም። ስካይፕን የሚያህል ስም እንኳ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ተዘግቷል።

የእኔ ምክር፦ በደቂቃ የምታወጡትን ገንዘብ ወደ እናታችሁ ዳታ አዙሩት። የአንድ ደቂቃ የድምፅ ጥሪ ከአንድ ሜጋባይት ብዙም አያልፍም፤ ቪዲዮ ነው ጥቅሉን የሚጨርሰው። ከውጭ ሆኖ የአየር ሰዓት መሙላት ይቻላል፣ ፓኬጁን ጎረምሳው የጎረቤት ልጅ ይገዛላቸዋል። ደቂቃ የሚሸጥ አፕ ላይ ትንሽ ሂሳብ አስቀምጡ፤ ኢንተርኔት ሲጠፋና ነገሩ አስቸኳይ ሲሆን ለመደበኛው ቁጥር ይሆናል።

አሁን ወደ ቀፎው። ኦንላይን ያገለገለ አይፎን ስታዩ ልብ ይሸፍታል፤ ይገባኛል። ግን ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ከአይፎን 14 ጀምሮ ዋናዎቹ ሞዴሎች የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ በኢሲም ብቻ ነው የሚሠሩት። ኢትዮ ቴሌኮም ኢሲም ይሰጣል፤ ነገር ግን ቀፎው በተበላሸ ቀን ሲሙን ነቅሎ የድሮው ኖኪያ ላይ መሰካት የለም። ለወጣት ወንድማችሁ ችግር ላይሆን ይችላል፣ ለእናታችሁ ግን ነው።

«አንሎክድ» የሚለውን ቃልም በደንብ አጣሩ። ሻጩ «ፓስወርድ የለውም» ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ የምትፈልጉት ግን ከአሜሪካው የስልክ ድርጅት የተፈታ ቀፎ ነው። አይፎን ከሆነ «ሴቲንግስ» ውስጥ «አባውት» የሚለው ገጽ ላይ የሲም ገደብ እንደሌለው ተጽፎ መታየት አለበት። ዕዳው ተከፍሎ ያላለቀ ቀፎን ድርጅቱ ብዙ ጊዜ አይፈታውም። የቀድሞው ባለቤት አይክላውድ ያልወጣለት ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ መስታወት ነው። ርካሽ አንድሮይድ ከሆነ 4ጂ ባንድ 3 (1800 ሜጋኸርዝ) መኖሩን ተመልከቱ፤ ለአሜሪካ ድርጅቶች ብቻ የተሠሩ አንዳንድ ርካሽ ቀፎዎች የላቸውም።

እውነቱን ለመናገር፣ ለእናት ከሆነ ብሩን ልኮ እዚያው ማስገዛት ይሻላል። ሁለት ሲም የሚወስድ ቴክኖ ወይም የጋላክሲ ኤ ቀፎ፣ ባትሪው 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሆነ፣ ድምፁ ጮክ የሚል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ከካሜራ ይልቅ ባትሪ ነው የሚፈለገው።

ካለንበት ሆነን ካልገዛን ካላችሁ ግን ሻጩን *#06# አስመትታችሁ የሚወጣውን የአይኤምኢአይ ቁጥር በፎቶ ጠይቁ፣ በቁጥሩም ቀፎው ዕዳ እንደሌለበት አጣሩ። ቁጥሩን አላሳይም ካለ አትግዙት።