ስፓኒሽ ወይስ ኮሪያኛ? ርቀቱን ከአማርኛ ስንለካው

እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት ይዞታል። ሌላ ቋንቋ ይጨመር ሲባል ግን ቤት ውስጥ ክርክር ይነሳል። በኮሪያ ድራማና ሙዚቃ ልቧ የተነካ ልጅ ኮሪያኛ ትላለች፤ አባት ደግሞ «ከተማሩ አይቀር ብዙ አገር የሚነገረውን ነው» ብሎ ስፓኒሽን ያነሳል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው አንዱ ስልኩን ከፍቶ «ስፓኒሽ ቀላል፣ ኮሪያኛ እጅግ ከባድ» የሚል ሰንጠረዥ ሲያሳይ ነው።

የዚህ ሰንጠረዥ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም ነው። ተቋሙ ለስፓኒሽ 30 ሳምንት ገደማ፣ ለኮሪያኛ 88 ሳምንት ይመድባል። ልኩ የተወሰደው ግን በእንግሊዝኛ አፉን ከፈታ ሰው ነው። አማርኛም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ፤ 44 ሳምንት ተሰጥቶታል! የእኛ ልጆች ይህን ይዘው ስለሚነሱ ርቀቱም ለእነሱ ሌላ ነው።

«እኔ ዳቦ በላሁ» የሚለውን ኮሪያዊ «ናንን ፓንግል መገሰዮ» ይለዋል። እኔ፣ ዳቦ፣ በላሁ፤ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ከዳቦው ጫፍ የተለጠፈችው «እል» ሥራዋ «ዳቦውን» ስንል ከምትመጣው «ን» ጋር ይመሳሰላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚቸገርባቸው አንዳንድ አናባቢዎችም ከእኛ «እ» እና «ኧ» ብዙ አይርቁም። አንቱታውም አለ። አያቷን «አንቺ» ብላ የተቆጧት ልጅ፣ ለታላቅ ሰው ሲነገር ግሱ ለምን እንደሚለወጥ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1443 ያስቀረጹት ፊደል 24 መሠረታዊ ሆሄያት አሉት። ተነባቢውና አናባቢው ተጠጋግተው እንደ አንድ ፊደል ስለሚጻፉ፣ ሀ ሁ ሂ የቆጠረ ልጅ በጥቂት ቀናት ማንበብ ይጀምራል።

ፈተናው የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ከቃላቱ ብዙዎቹ ከቻይንኛ የመጡ ስለሆኑ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚያዙበት ጆሮ የላቸውም። ቁጥር ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰዓት ሲነገር ሰዓቱ በአንዱ፣ ደቂቃው በሌላው ይቆጠራል።

ስፓኒሽ ሌላ ዓይነት ስጦታ አለው። «ኝ» የምትለዋን ድምፅ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲታገላት የእኛ ልጅ «አኞ» (ዓመት) ብሎ ያልፋል። «ፔሮ» ሲላላ «ግን»፣ «ሩ» ጠብቆ ሲንቀጠቀጥ «ውሻ» ማለት ነው፤ «ገና»ን ሲያጠብቅና ሲያላላ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ግሱም እንደ አማርኛው ተናጋሪውን በመድረሻው ስለሚያሳይ «እኔ»ና «አንተ» ብዙ ጊዜ ይቀራሉ። ቃላቱን ደግሞ እንግሊዝኛ ያግዛል፤ «አኒማል»ን ወይም «ኦስፒታል»ን ማን ይስተዋል? የሚያስቸግረው የዕቃው ፆታ ነው። እኛ ትንሿን ጠረጴዛ ስናቆላምጥ ሴት እናደርጋታለን፤ በስፓኒሽ ግን ጠረጴዛ ትልቅም ሆነች ትንሽ ሴት ናት፣ መጽሐፍም ወንድ ነው። የግሱ እርባታም ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ይከብዳል።

እንግዲህ ለአማርኛ ተናጋሪ ኮሪያኛ በሰዋስው፣ ስፓኒሽ በቃላት ይቀርባል። ስለዚህ እኔ ከቅለቱ ይልቅ ልጁ ከማን ጋር ሊያወራበት ነው የሚለውን አስቀድማለሁ። ስፓኒሽ በ20 አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አፉን ፈቶበታል። ኢኳቶሪያል ጊኒ ስላለችበት በአፍሪካ ኅብረትም ቦታ አለው። አሜሪካ ዘመድ ያለው ቤተሰብ በየሥራ ቦታው እንደሚሰማ ያውቃል። እዚሁ አዲስ አበባም በ1970ዎቹ ልጅ ሳሉ ኩባ ሄደው የተማሩ ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለ አጎት ወይም አክስት ያለው ቤት መምህር ከመቅጠሩ በፊት እነሱን ቡና ይጥራ።

ኮሪያኛ የሚነገረው በአብዛኛው በአንድ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ከእኛ ጋር ያለው ትስስር ግን በ1943 ዓ.ም. ከዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ይጀምራል፤ ዛሬ ደግሞ ወጣቱን የሚስበው የትምህርት ዕድሉ ነው። በኮሪያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለዲግሪ የተመረጠ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ቋንቋውን እዚያው ይማራል፤ ዲግሪውን ለመጀመር ቶፒክ በሚባለው ፈተና ከ6 ደረጃዎች ቢያንስ 3ኛውን ማግኘት አለበት። 5ኛ ደረጃ ይዞ የሄደ የቋንቋውን ዓመት ይዘላል። የ15 ዓመት ልጅ ራሷ ፈልጋ ኮሪያኛ ካለች እኔ አልከለክላትም። እናትና አባት አብረው ሊማሩ ካሰቡ ግን ስፓኒሽን እመርጣለሁ፤ በትንሽ ጥናት ቶሎ ስለሚያናግር ቤተሰቡ መሐል መንገድ ላይ አይሰለችም። በነገራችን ላይ፣ በአማርኛ የተቀዳ ድራማ ማየት ቋንቋ መማር አይደለም፤ ድምፁ በራሱ ቋንቋ፣ ጽሑፉ ከሥር ይሁን።

የፈተናውን ጊዜም ያስቡበት። የስፓኒሹ የዴሌ ምስክር ወረቀት ጊዜ አያልፍበትም፤ የቶፒክ ውጤት ግን የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ ቢፈተን 12ኛን ሲጨርስ ወረቀቱ አይሠራለትም።