ሻንት ይዞ መኖር፦ «ሊወጣልኝ ይችላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ ማብራሪያ

በሕፃንነታቸው በጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሳሽ በመጠራቀሙ ምክንያት ሻንት የተደረገላቸው ብዙ ልጆች አድገው ይማራሉ፣ ሥራ ይዘዋል፣ ቤተሰብም መሥርተዋል። እነዚህ ታካሚዎችና ወላጆቻቸው በተደጋጋሚ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «ለዓመታት ምንም ሕመም አልተሰማኝም፤ ታዲያ ሻንቱ አሁን ሊወጣልኝ አይችልም ወይ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም በችኮላ የሚሰጥ መልስ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ስለሚችል ጉዳዩን በሚገባ መረዳት ያስፈልጋል።

ሃይድሮሴፋለስ እና ሻንት ምንድን ናቸው?

በአንጎል ውስጥ ባሉ ክፍተቶች ንጹሕ ውኃ የሚመስል ፈሳሽ ያለማቋረጥ ይመነጫል። በአዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ የሚመነጭ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ በአንጎልና በአከርካሪ ዙሪያ የሚገኘው መጠን ግን 150 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ፈሳሹ በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ ይታደሳል ማለት ነው። መተላለፊያው ሲዘጋ ወይም ፈሳሹ ወደ ደም የሚመለስበት ሂደት ሲታወክ ፈሳሹ ይጠራቀምና አንጎልን ይጫናል። ሃይድሮሴፋለስ የሚባለው ይህ ሁኔታ ነው። አብሮ በሚወለድ የአከርካሪ ክፍተት (ስፓይና ባይፊዳ)፣ በማጅራት ገትር፣ ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ በሚደርስ የአንጎል ውስጥ መድማት ወይም በዕጢ ምክንያት ሊከሰት ይችላል።

ሻንት ቫልቭ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። አንዱ ጫፍ በአንጎል ክፍተት ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላው ከቆዳ ሥር በአንገትና በደረት በኩል አልፎ አብዛኛውን ጊዜ ሆድ ውስጥ ይገባል። ሻንት ለፈሳሹ ሌላ መውጫ ያበጅለታል እንጂ የተዘጋውን መንገድ አይከፍትም። በዚህም ምክንያት ሕመሙን ይቆጣጠራል እንጂ ከሥሩ አያጠፋውም።

«ሕመም አይሰማኝም» ማለት ሻንቱ አያስፈልገኝም ማለት ነውን?

አይደለም። አንድ ሰው ለዓመታት ደኅና ሆኖ የሚኖረው በሁለት ምክንያቶች ሊሆን ይችላል። አንደኛው ሻንቱ ሥራውን በአግባቡ እየሠራ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ሰውነት ፈሳሹን ራሱ ማስወገድ መጀመሩ ነው። በአብዛኞቹ ታካሚዎች ላይ ትክክለኛው ምክንያት የመጀመሪያው ነው። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ስለሆኑ በስሜት ብቻ መለየት አይቻልም። አንድ የሲቲ ስካን ምስልም ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም።

ልጁ ሲያድግ ቱቦው ሊያጥር ወይም ሊበጠስ ይችላል። ተበጥሶም ቢሆን በዙሪያው የተፈጠረው ጠባሳ እንደ ቦይ ሆኖ ፈሳሹን ለተወሰነ ጊዜ ሊያስተላልፍ ይችላል። ይህ ቦይ ከዓመታት በኋላ ሲዘጋ፣ «ሻንቱ ቀድሞም አይሠራም ነበር» የተባለ ሰው በድንገት ሊታመም ይችላል።

ሻንት የሚወጣው መቼ ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት ኢንፌክሽን ነው። ሻንቱ ሲመረዝ ይወጣል፣ ፈሳሹ በጊዜያዊ ቱቦ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ የፀረ ባክቴሪያ ሕክምናም ይሰጣል። ኢንፌክሽኑ ሲጠፋ በአብዛኛው አዲስ ሻንት ይገባል። እንዲህ ያለው ማውጣት ጊዜያዊ ነው።

ሁለተኛው በካሜራ በሚታገዝ ቀዶ ሕክምና በአንጎል ክፍተት ወለል ላይ ቀዳዳ በማበጀት ፈሳሹ ያለ ቱቦ እንዲተላለፍ ማድረግ ሲቻል ነው። ሕክምናው ኢ.ቲ.ቪ. ይባላል። ለሁሉም ታካሚ አይስማማም፤ ውጤቱ በዕድሜና በሕመሙ መንስኤ ይወሰናል። በዑጋንዳ፣ በምባሌ ከተማ ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የተካሄደና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ይህን ሕክምና ፈሳሽ የሚያመነጨውን አካል ከመተኮስ ጋር በማጣመር ከሻንት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ በሕፃናቱ የአእምሮ ዕድገት ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም። የተበጀው ቀዳዳም ተመልሶ ሊዘጋ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም።

ሦስተኛውና ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከተው፣ ሻንቱ እንደማያስፈልግ በሆስፒታል ክትትል ሲረጋገጥ ነው። ታካሚው ተኝቶ ሻንቱ ይዘጋል ወይም የቫልቩ ግፊት ከፍ ይደረጋል፤ ከዚያም የጭንቅላት ውስጥ ግፊት ይለካል።

ማውጣቱ ራሱ አደጋ አለው። ለረጅም ጊዜ የቆየ ቱቦ ከአንጎል ሕብረ ሕዋስ ጋር ሊጣበቅና ሲሳብ ደም ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ሥራ ያቆመ ግን ጉዳት የማያደርስ ሻንት ባለበት እንዲቆይ ሊመክሩ ይችላሉ።

አስቸኳይ ሕክምና የሚሹ ምልክቶች

ሻንት በማንኛውም ዕድሜ ሊዘጋ ይችላል። የሚከተሉት ሲታዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በአፋጣኝ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፦

• እየባሰ የሚሄድ፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት የሚጸና ራስ ምታትና ማስመለስ፤
• ያልተለመደ እንቅልፋምነት፣ መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት፤
• የዕይታ መደብዘዝ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፤
• አዲስ የሚጥል ሕመም፣ የአካሄድ መለወጥ፣ የትምህርት ወይም የማስታወስ ችሎታ መቀነስ፤
• ትኩሳት፣ በቱቦው መስመር ላይ መቅላት ወይም ማበጥ፣ የሆድ ሕመም፤
• በሕፃናት ላይ የእርግብግቢት መወጠር፣ የጭንቅላት በፍጥነት ማደግ፣ ዐይን ወደ ታች ማዘቅዘቅ።

ሕክምናው ከዘገየ የዐይን ብርሃን ሊጠፋ፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። በቱቦው ወይም በቫልቩ ላይ ማሸት፣ መጫን ወይም መብጣት ፈጽሞ አይገባም። ጸሎትና ጠበል የሚከታተሉ ታካሚዎችም የሐኪም ክትትላቸውን ማቋረጥ የለባቸውም።

የዕለት ተዕለት ኑሮ እና ክትትል

ሻንት ያለው ሰው መማር፣ መሥራት፣ በአውሮፕላን መጓዝና ልጅ መውለድ ይችላል። ጭንቅላት ላይ ምት ከሚበዛባቸው እንደ ቦክስ ካሉ ስፖርቶች መቆጠብ ይመከራል። እርጉዝ የሆኑ፣ የሆድ ቀዶ ሕክምና ወይም ኤም.አር.አይ. ምርመራ የታዘዘላቸው ሻንት እንዳላቸው አስቀድመው ያሳውቁ፤ ግፊታቸው ከውጭ የሚስተካከል አንዳንድ ቫልቮች በማግኔት ሊዛቡ ይችላሉ።

በቤትዎ አንድ ማኅደር ያዘጋጁ። የሻንቱን ዓይነት፣ የገባበትንና የተቀየረበትን ቀን፣ እንዲሁም ደኅና በነበሩበት ወቅት የተነሡትን የሲቲ ስካን ምስል በውስጡ ያስቀምጡ። ሐኪሙ የሕመሙን ቀን ምስል የሚያነጻጽረው ከዚህ ጋር ነው። ልጆች ሲጎለምሱ ከሕፃናት ወደ አዋቂዎች ክትትል በሚሸጋገሩበት ጊዜ ማኅደሩ አብሯቸው ይሂድ፤ የአደጋ ምልክቶቹንም ራሳቸው ይወቁ።

አገልግሎቱን ለማግኘት

ለመደበኛ ክትትል በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሪፈራል ወረቀት በመያዝ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይሂዱ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የታደሰ መታወቂያዎን ይያዙ። የአደጋ ምልክት ከታየ ግን ወረቀት ፍለጋ ጊዜ ሳያጠፉ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሻንቱን ስለማስወጣት ካሰቡ ሐኪምዎን እነዚህን ይጠይቁ፦ ሻንቱ አሁን እየሠራ መሆኑ በምን ይታወቃል? የሕመሜ መንስኤ ለኢ.ቲ.ቪ. ይስማማልን? ቢወጣና ችግር ቢፈጠር በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ሆስፒታል መድረስ እችላለሁ? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ከከተማ ርቀው ለሚኖሩ ቤተሰቦች የውሳኔው ዋና መሠረት ሊሆን ይገባል።