ያውቁ ኖሯል? ውሃ የቋጠረው ሰው ሠራሽ ልም አጥንት

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ዕድሜያቸውን በእርሻና በአረም ያሳለፉ አዛውንቶች ቁልቁለት ሲወርዱ «ጉልበቴን!» ይላሉ። አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ የሚከላከለው ልም አጥንት አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው። የደም ሥር ስለሌለው ግን አንዴ ከተጎዳ በቀላሉ አያገግምም። ተመራማሪዎች ታዲያ ውሃ በሚይዝ ሰው ሠራሽ ቁስ፣ በሃይድሮጄል፣ ሊተኩት ይሞክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሴሉሎስ ክር ያጠነከሩት ሃይድሮጄል ሲስቡትም ሲጫኑትም ከተፈጥሮው ልም አጥንት በልጦ ተገኘ። የላቦራቶሪ ጥንካሬ ብቻውን ግን አይበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ለእግር አውራ ጣት የፈቀደችው «ካርቲቫ» የተባለ የሃይድሮጄል ተተኪ ከተጠበቀው በላይ ጉዳት በማስከተሉ በ2024 ከገበያ ተሰብስቧል። ጉልበትዎ ካበጠ ወይም አልታጠፍ ካለ፣ ውሎ ሳያድር ሐኪም ዘንድ ቀርበው ይታዩ።