በኤሌክትሮኒክስ ንድፍ ላይ ዕቃን ስለ ማስቀመጥ

የኤሌክትሮኒክስ ንድፍ ዛሬ የሚሣለው በኮምፒዩተር ነው። ከዚህ ሥራ ፕሮግራሞች አንዱ ዣን ፒየር ሻራስ በፈረንሳይ አገር በ1992 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የጀመሩት ኪካድ ነው። በኪካድ የሬዚስተርን ምልክት ለማስገባት የ«ኤ»ን፥ ለማዞር የ«አር»ን፥ መጠኑን ለማረም የ«ቪ»ን ቁልፍ መጫን ይበቃል። ጥንቃቄ የሚያሻው ማዛወሩ ነው፤ «ኤም» ምልክቱን ከሽቦው ለይቶ ሲወስደው፥ «ጂ» ግን ሽቦውን አስከትሎ ይጐትተዋል። ምልክቱም ነጥቦቹ በ1.27 ሚሊሜትር በሚራራቁት መረብ ላይ ይዋል፤ ጥቂት ቢያፈነግጥ ሽቦው ለዓይን የተገናኘ መስሎ ሳይገናኝ ይቀራል። ምስክሩም በምልክቱ እግር ጫፍ የምትታየው ትንሽ ክብ ናት፤ እርስዋ ካልጠፋች ግንኙነት የለም። እንግዲህ ንድፉ ወደ ፋብሪካ ከመላኩ በፊት እያንዳንዱን ጫፍ መመርመር ይገባል፤ በንድፍ ላይ ያለፈ ስሕተት በመዳብ ከታተመ በኋላ በቀላሉ አይታረምምና።