የአሸዋ ቦዋና የእርጥበቷ ልክ

የኬንያ የአሸዋ ቦዋ የተባለችው እባብ በስሟ የኬንያ ትባል እንጂ አገሯ ሰፊ ነው። ከግብፅና ከሱዳን አንሥቶ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ቆላዎች በኩል እስከ ታንዛኒያ ድረስ ትገኛለች። ሳይንሳዊ መጠሪያ የሰጣት ስዊድናዊው ሊኔየስ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1758። መርዝ የላትም፤ አይጥና እንሽላሊት የምትገድለው ተጠምጥማ በመጭመቅ ነው። እንቁላል አትጥልም፤ ትወልዳለች። ሴቷ እስከ 80 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ስታድግ፣ ወንዱ ከግማሽ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ረጋ ያለች ናት፤ ሰፊ ቦታም አትፈልግም። በዚህም የተነሣ በአሜሪካና በአውሮፓ እባብ ማሳደግ የሚጀምሩ ሰዎች በብዛት ይመርጧታል።

እንግዲህ ብዙ አሳዳጊ «የበረሃ እንስሳ አይደለች?» ይልና ሣጥኗን አጥንት እስኪመስል ያደርቀዋል። የምትጎዳውም እዚህ ላይ ነው።

በረሃ ሲባል ለሰው የሚታየው ፀሐይ ያነደደው የላይኛው መሬት ነው። እሷ ግን ቀኑን የምትውለው ከዚያ በታች ነው። ሐሩሩ ሲበረታ ድንጋይ ሥር ትገባለች፣ ወይም አይጥ በቆፈረው ጉድጓድ ትጠለላለች፤ አድብታ ስታድን እንኳ ገላዋን አፈር ውስጥ ቀብራ ብቅ የምታደርገው ዓይኗንና አፍንጫዋን ነው። ጥቂት ጠለቅ ያለ አፈር የዝናቡን ወዝ ይዞ ይቆያል፤ ነፋስና ፀሐይም በቀላሉ አያደርቁትም። እባብ በቆዳዋም በትንፋሿም ውሃ ስለምታጣ፣ ውሃዋን የሚቆጥብላት ያ ቀዝቀዝና ረጠብ ያለ ጉድጓድ ነው።

የእንክብካቤ መመሪያዎች ለአሸዋ ቦዋ ከ30 እስከ 50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ይመክራሉ። ቁጥሩን አልቃወምም፤ ግን የት ላይ ተለክቶ? አንጻራዊ እርጥበት፣ አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዘው ከሚችለው ተን ምን ያህሉን እንደያዘ የሚነግረን ነው፤ ሞቃት አየር ደግሞ ብዙ ተን ይይዛል። በሣጥኑ ቀዝቃዛ ጫፍ፣ በ24 ዲግሪ ሴልሺየስ 50 በመቶ የሚነበበው አየር፣ አንዲት ጠብታ ሳትቀነስበት በሞቃቱ ጫፍ 34 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 28 በመቶ ገደማ ይወርዳል። መሃል ላይ የተሰቀለ አንድ መለኪያ ይህን አያሳይም፤ በሁለቱም ጫፍ፣ እሷ ከምትተኛበት ከንጣፉ አጠገብ መለካት ያስፈልጋል። የበረዶው ወራትም ነገር እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የሚኖር ሰው ከንፈሩ ሲሰነጠቅ ያውቀዋል፦ ውጭ 0 ዲግሪ የነበረ አየር፣ እርጥበቱ ሙሉ 100 በመቶ ቢሆን እንኳ፣ ቤት ገብቶ በማሞቂያ 22 ዲግሪ ሲሆን የሚቀረው 23 በመቶ ገደማ ነው።

ስለዚህ ለእሷ የሚያስፈልጋት ምርጫ ነው፤ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ፣ የሚደርቅና የሚረጥብ ስፍራ በአንድ ሣጥን። ብዙዎች የሚያነጥፉት ከሰጋቱራ ጠነን ያለ የአስፐን እንጨት ፍቅፋቂ ነው። ይመቻል፣ ግን ሲረጥብ ይሻግታል። እኔ የአፈርና የአሸዋ ድብልቅ ይሻላል እላለሁ፤ እንደልቧ የምትቀበርበት ያህል ወፈር ብሎ ይነጠፋል። በቀዝቃዛው ማዕዘን ቀስ አድርገው ጥቂት ውሃ ሲያፈሱበት ሥሩ ወዝ ይይዛል፣ ላዩ ይደርቃል፤ ልክ እንደ አገሯ መሬት። ላዩን በመርጫ ማርከፍከፍ ግን ብዙ አይቆይም። ከዚህ ሌላ ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ጎኑን ቀድዶ፣ ውስጡን አርጥበው በጨመቁት ሶፍት መሙላት ነው። ስትፈልግ ትገባለች፣ ሲበቃት ትወጣለች።

ይህ እርጥብ መጠለያ ይበልጥ የሚያስፈልጋት ቆዳዋን ስትቀይር ነው። ዓይኗ ደብዝዞ ሰማያዊ ሲመስል፣ በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መካከል ፈሳሽ ገብቷል። ከቀናት በኋላ ዓይኗ ይጠራል፤ ከዚያ አፍንጫዋን ከሻካራ ነገር ጋር እያሸች ትጀምርና አሮጌው ቆዳ እየተገለበጠ አንድ ወጥ ሆኖ ይወልቃል። እባብ የዓይን ቆብ የላትም፤ ዓይኗን የሚጠብቀው ጥርት ያለ ቅርፊት አብሮ ይነሣል። አየሩ ሲደርቅባት ቆዳው ይቆራረጣል፣ ቅርፊቱ ዓይኗ ላይ ይቀራል፤ ጅራቷ ጫፍ ላይ እንደ ቀለበት የቀረው ቁራጭ ደግሞ ደም ከልክሎ ጫፉን ሊገድለው ይችላል።

ሁልጊዜ የጨቀየ ንጣፍም ጠላቷ ነው። ሆዷ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል፤ ቅዝቃዜ ከታከለበት የመተንፈሻ ሕመም ይከተላል። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ሐኪም ሊያያት ይገባል።

የእርጥበት መለኪያው ትክክል መሆኑን በጨው መፈተን ይቻላል። በቆርኪ የገበታ ጨው አድርጎ በጥቂት ጠብታ ማርጠብ፣ ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ፌስታል አስሮ ማሳደር። ጠዋት 75 በመቶ ወይም ለዚያ የቀረበ ካላነበበ፣ የሚሳሳትበትን ልክ መዝግቦ መያዝ ነው።

ቆዳዋ ተቆራርጦ የቀረባት እንደሆነ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ፎጣ ጠቅልለው ቢያቆዩአት፣ በእጥፋቱ መሃል እየተሹለከለከች ራሷ ታወልቀዋለች። በዓይኗ ላይ የቀረውን ቅርፊት በጥፍር ወይም በወረንጦ መንቀል ግን ዓይኗን ሊያጠፋ ይችላል። እርጥበቱን አስተካክሎ ቀጣዩን የቆዳ ቅየራ መጠበቅ ይሻላል፤ ያኔም ካልለቀቀ ተሳቢ እንስሳትን የሚያውቅ ሐኪም ያውጣላት።