አነስተኛ የግል የአፈር ግድብ፦ ንድፉና ደኅንነቱ

የአፈር ግድብ ከሸለቆ የሚወርድን ውኃ በተጠቀጠቀ አፈር ዘግቶ የሚያጠራቅም ግንባታ ነው። በዓለም ካሉት ግድቦች የሚበዙት የዚህ ዓይነት ናቸው፤ ዋናው ቁሳቁስ እዚያው አጠገብ ተቆፍሮ ስለሚገኝ ርካሽ ነውና። ዓለም አቀፉ የትላልቅ ግድቦች ኮሚሽን በመደበኛው መለኪያው ቁመቱ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን «ትልቅ» ይለዋል። ከዚያ የሚያንሱት ለመስኖ፣ ለከብት ማጠጫ፣ ለዓሣ እርባታ ወይም ለመዝናኛ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ በብዙ አገር ባለቤቶቻቸው ገበሬዎች፣ የእርሻ ድርጅቶችና ማኅበራት ናቸው። በአሜሪካ ብሔራዊ የግድቦች መዝገብ ከሰፈሩት ከ90,000 በላይ ግድቦች ከግማሽ የሚበልጡት የግል ናቸው።

የአፈር ግድብ የሚፈርሰው በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው፦ ውኃ በአናቱ ላይ ሲፈስ ወይም በሆዱ ውስጥ ሲሾልክ። ከተመዘገቡት አደጋዎች ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያው፣ የቀሪዎቹ አብዛኞቹ ደግሞ የሁለተኛው ውጤት ናቸው። የተዳፋት መናድ ብቻውን ያፈረሳቸው ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የንድፍ ሥራ ከግድቡ አካል ሳይሆን ከጎርፉ መጀመር አለበት።

ጎርፍ የሚያልፍበት ማስተንፈሻ ብዙ ጊዜ በግድቡ ጫፍ፣ በተፈጥሮ መሬት ላይ ይቆፈራል፤ በተሞላ አፈር ላይ ከተሠራ ግን ራሱ የመፍረሻ በር ይሆናል። ስፋቱ የሚወሰነው ባለቤቱ ባየው ክረምት ሳይሆን በተፋሰሱ ስፋትና በአማካይ በመቶ ዓመት አንዴ በሚጠበቅ ወይም ከዚያም በበረታ ጎርፍ ስሌት ነው። ከጎርፉ ከፍተኛ ወለል በላይም ለማዕበልና ለስሌት ስሕተት የሚሆን ትርፍ ከፍታ ይተዋል። የተሞላ አፈር ከጊዜ በኋላ ስለሚሰጥም የግድቡ መሐል ከጫፎቹ ትንሽ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ባለቤቶች ገንዘብ ለመቆጠብ የሚቀንሱት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ማስተንፈሻ ነው፤ ከዚህ የከፋ ቁጠባ የለም።

በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የነበረው የሳውዝ ፎርክ ግድብ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ቁመቱ 22 ሜትር ያህል ስለነበር ትንሽ ባይባልም፣ ያፈረሱት ስሕተቶች ግን የማንኛውም የግል ኩሬ ስሕተቶች ናቸው። መንግሥት ለቦይ መጓጓዣ ሲሠራው ውኃ ዝቅ ማድረጊያ የብረት ቧንቧዎች ነበሩት፤ በ1862 እ.ኤ.አ. በከፊል ፈረሰ፤ በኋላም ቧንቧዎቹ ተነቅለው ተሸጡ። በ1879 እ.ኤ.አ. የገዛው የባለጸጎች የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክለብ የተናደውን በአፈር፣ በጭራሮና በድርቆሽ ደፈነው፤ ቧንቧዎቹን ግን አልመለሰም። ለሠረገላ መንገድ ሲባል የግድቡ አናት ዝቅ ተደረገ፤ ዓሣ እንዳያመልጥ በማስተንፈሻው ላይ ወንፊት ተተከለ። ሜይ 31 ቀን 1889 እ.ኤ.አ. ከባድ ዝናብ ሲጥል ወንፊቱ በግንድና በቅጠል ተዘጋ፤ ውኃውን ዝቅ የሚያደርግ ሌላ መንገድ አልነበረም። ግድቡ ፈረሰ፤ በጆንስታውን ከተማና በአካባቢዋ 2,209 ሰዎች ሞቱ።

የግድቡ አካል የሚቆመው ሣርና ሥር ያለበት የላይኛው አፈር ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ነው። ከሥሩ ውኃ ወደማያሳልፍ ንብርብር የሚደርስ ቦይ ተቆፍሮ በሸክላ አፈር ይጠቀጠቃል። ይህ ቸል ሲባል ግድቡ ደኅና ቆሞ ሐይቁ ባዶ ይቀራል፤ በትግራይ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተሠሩት የሕዝብ ጥቃቅን ግድቦች በበርካቶቹ ላይ የመሠረት ስርገት ከደለል ጋር ዋና ችግር ሆኖ ታይቷል። ለአካሉ የሚመረጠው በቂ ሸክላ ያለው፣ ግን ሸክላ ብቻ ያልሆነ አፈር ነው። ዋልካ ሲረጥብ አብጦ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ለብቻው አይታመንም። በሶዲየም የበለጸገ ሸክላ ደግሞ የባሰ ነው፦ ጓሉ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሳይነካ ደመና ሆኖ የሚበተን ከሆነ በግድቡም ውስጥ እንዲሁ ይሆናል። አፈሩ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው ንብርብሮች ይነጠፍና በተስማሚ እርጥበት በሮሎ ይጠቀጠቃል፤ የእርጥበትን ወሳኝነት በ1933 እ.ኤ.አ. ያሳየው የሎስ አንጀለሱ መሐንዲስ ራልፍ ፕሮክተር ነው። ተዳፋቱ በውኃው በኩል ለአንድ ሜትር ቁመት ሦስት ሜትር፣ በጀርባው ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ሜትር አግድም እንዲኖረው ማድረግ የተለመደ ነው።

ፍጹም ውኃ የማያሳልፍ የአፈር ግድብ የለም። ጥያቄው የሚሰርገው ውኃ አፈር ይዞ ይወጣል ወይ ነው። አንዲት ቅንጣት ስትታጠብ ቀጣይዋ ትላላለች፤ ቀዳዳው ከጀርባ ጀምሮ ወደ ሐይቁ እየሰረሰረ ይሄዳል። መከላከያው ውኃን አሳልፎ አፈርን የሚያስቀር፣ በጀርባው በኩል የሚቀመጥ የአሸዋ ማጣሪያ ነው። በጣም አስጊው ቦታ አፈር በቅጡ የማይጠቀጠቅበት የማስወጫ ቧንቧው ዙሪያ ነው። ቀድሞ ቧንቧውን በኮንክሪት አንገትጌ መክበብ የተለመደ ነበር፤ ዛሬ ግን በአሸዋ ማጣሪያ መክበብ ይመረጣል።

ጥገናው ብዙ ወጪ የለውም፣ ትጋት ግን ይፈልጋል። ሣር ግድብን ይጠብቃል፤ ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ የበሰበሰ ሥሩ የውኃ መንገድ ይሆናል። ፍልፈልና ጃርት የቆፈሩት ወዲያው ይደፈናል። ከግርጌ የሚወጣ ጥቂት የጠራ ውኃ ክትትል ብቻ ያሻዋል፤ መደፍረስ ከጀመረ ወይም መጠኑ ከጨመረ ግን ሐይቁ በጥንቃቄ ዝቅ ይደረጋል፣ ግርጌ ያሉ ነዋሪዎችም ይነገራቸዋል። በችኮላ ማጉደል የውኃውን ወገን ተዳፋት ሊንደው ይችላል።

የአደጋ ደረጃ የሚለካው በግድቡ ቁመት ብቻ ሳይሆን ከበታቹ በሚኖረው ሰው ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጆርጂያ የፈረሰው የኬሊ ባርንስ ግድብ ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ ቢሆንም 39 ሰዎች ገድሏል። በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. በኬንያ ሶላይ የአንድ የግል እርሻ ግድብ በሌሊት ፈርሶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሲሠራ ከሥሩ ግጦሽ ብቻ የነበረ ግድብ ከዓመታት በኋላ መንደር ሊኖርበት ይችላል፤ ያኔ ማስተንፈሻው እንደገና መሰላት አለበት።

የባለቤቱን ኃላፊነት በተመለከተ የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በ1868 እ.ኤ.አ. ራይላንድስ በፍሌቸር ላይ በተባለው ክርክር፣ ውኃ በመሬቱ ያጠራቀመ ሰው ቸልተኝነቱ ባይረጋገጥም ውኃው አምልጦ ላደረሰው ጉዳት እንደሚጠየቅ ወሰነ። የሳውዝ ፎርክ ክለብ ግን በፍርድ ቤት ካሳ እንዲከፍል አልተደረገም፤ ይህ የቀሰቀሰው ቁጣ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የእንግሊዙን ደንብ እንዲቀበሉ አግዟል። በኢትዮጵያም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2069፣ የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል።