ከእሳቱ በኋላ የቀበሌ ደጅ

መልካሳ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የእርሻ ምርምር ማዕከሉና የኬሚካል ፋብሪካው ከየአገሩ ሰው አምጥተውባታል። ጎረቤቷ ወንጂም በስኳሩ ሥራ ከደቡብ በመጡ ቤተሰቦች ያደገች ናት። እንዲህ ባለ ቦታ ሰላም ሲደፈርስ ነዋሪው መጀመሪያ የሚጮኸው ወደ ቀበሌው ነው።

ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ ግን ጩኸቱ ብዙ ቦታ ሰሚ አላገኘም። ሻሸመኔ ነደደች፤ እዚያና ባቱ ያሉት የኃይሌ ገብረሥላሴ ሆቴሎች እንኳ አልተረፉም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ40 አካባቢዎች ባደረገው ምርመራ ቢያንስ 123 ሰዎች መሞታቸውን በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ይፋ አድርጓል። በሪፖርቱ ውስጥ ከቁጥሩ ይበልጥ የሚከነክነው ሌላ ነው፦ ተጎጂዎች የአካባቢ ባለሥልጣናትን ደጋግመው ቢማጸኑም፣ ከበላይ ትእዛዝ አልመጣም ተብለዋል።

ቤቱ የተቃጠለበት ሰው በማግስቱ ደጅ የሚጠናው እዚያው ቢሮ ነው። መታወቂያው ስለተቃጠለ ነዋሪነቱን ቀበሌው ይመስክርለት፤ ጉዳቱ ተገምቶ ይጻፍለት፤ የይዞታ ካርታው ከማዘጋጃ ቤት ማኅደር ይፈለግለት። መድን የገባም ቢሆን የተለመደው የእሳት ውል ሁከትን አይሸፍንም፣ ተጨማሪ ውል ይጠይቃል። ወረዳው ራሱ ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ የሚተዳደረው በጥቅል በጀት ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ለደመወዝ ይውላል። ቤት ማሠሪያ ከየት ይምጣ?

ገንዘቡ ቢገኝም አመኔታው አለ ማለት አይደለም። የከተማ ቀበሌ የተወለደው ትርፍ ቤትን በወረሰው በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ነው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በቀይ ሽብር አሳሪና ገዳይ ሆነ። ያንን የሚያስታውሱ አዛውንት ዛሬም አሉ። አሁን ያሉት የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶችም ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጡት ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ዘመናቸው በ2010 ሲያበቃ ምርጫው ተራዘመ፤ የ2013ቱ አገራዊ ምርጫም ወረዳና ቀበሌን አልነካም።

በአንጻሩ ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ እልቂት በኋላ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ክሶችን ጋቻቻ በተባሉ የመንደር ፍርድ ቤቶች ስታይ፣ ዳኞቹን የመረጠው መንደርተኛው ነበር። ጋቻቻ የአሸናፊውን ጦር ጥፋት አላየም ተብሎ ተወቅሷል፤ ወቀሳው ትክክል ነው። ቢሆንም ፊት ለፊት የተቀመጠውን ዳኛ ሕዝቡ ያውቀው ነበር።

እኛስ? ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. ለባህል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ እውቅና ሰጥታለች። የአርሲ ሴቶች ሲንቄ የተባለውን በትራቸውን ይዘው በጠበኞች መካከል ሲቆሙ ዱላ ያነሳ እጅ ይመለሳል፤ የደም ዕርቅ ሥርዓቱ ጉማም ደም ያደርቃል። ግን ጉማ ገዳዩ የታወቀ፣ ጎሳውም ጥፋቱን የሚቀበል እንዲሆን ይጠይቃል። በሺህ ሰው መሃል ቤንዚን ያርከፈከፈውን ማን አምጥቶ ሽማግሌ ፊት ያቁም? ከሩቅ አገር መጥቶ የሠፈረው ተጎጂስ ጎሳዬ ብሎ ማንን ያስቀምጥ?

የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጸድቋል፤ አገራዊ ምክክሩም በታኅሣሥ 2017 የኦሮሚያን አጀንዳ አዳማ ላይ ሰብስቧል። ተሳታፊው የተለየው በየወረዳው ነው። የወረዳ አስተዳዳሪው በዚህ ሥራ ተባባሪ ሆኖ ይጠራል። በ2012 የት እንደነበረ የሚጠየቅበት ወንበር ግን እስካሁን አልተዘጋጀለትም። እኔ ብጠየቅ፣ ከተቃጠሉት ሕንፃዎች ጥገና በፊት ያ ወንበርና የቀበሌው የምርጫ ኮሮጆ ይቅደሙ እላለሁ።